ሲመጣ እወጣለሁ

ሸጋ ጡቷ ላይ ያለውን ነገር ያገኘችው ልጇን ሕይወትን ጡት ልታስጥል በምትታገልበት ሰሞን ነው። ልጅቱ ሁለት ዓመት ሞልቷትም ሙጭጭ ብላ አልላቀቅ ስላለች፣ ጡቷን ሬት ስትቀባ እጇ ከግራ ጡቷ ሥር ጠጠር የመሰለ እብጠት ላይ አረፈ። ወተት ቋጥሮ ነው ብላ ተወችው። የባሏ እኅት እታለማሁም ያንኑ ነገረቻት፤ ልጅ ሲተው ጡት ይቋጥራል፣ ቅቤ ቀብተሽ እሺው አለቻት። አሸችው። ድንቹ ተቆፈረ፣ ገብሱም ታጭዶ ተወቅቶ ገባ። ልጅቱ ጡቱን ረሳች። ጠጠሩ ግን አደገ እንጂ አልሟሟም፤ ብብቷ ሥርም ሌላ ብቅ አለ።

ሀገራቸው ከአዘና ገበያ ወዲያ ነው፤ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ጉም ከማይለየው ሸንተረር ሥር። ባሏ ደጉ በፈረስ አድርጎ ወደ አዘና አወረዳት። ከአዘና ወደ ቆሰበር ላኳት፣ ከቆሰበር ወደ ባሕር ዳር። ባሕር ዳር ላይ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራቸው። ሸጋ አማርኛ የምታውቀው ከገበያና ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ቤቷም፣ ጠቧም፣ ልጅ ማባበሏም በአዊኛ ነው። ካንሰር የሚለው ቃል ግን በሁለቱም ያው ነበርና ማንም ሳይተረጉምላት ገባት።

ጡቷን ቆረጡት። ቁስሉ ከሻረ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ታዘዘላት፤ እስከ ኅዳር የሚዘልቅ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ሲናገር ይፈጥናል። አንዱን ነገር ግን ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ ነገራቸው፤ መድኃኒቱ በሽታውን ሲመታ የገላዋንም አቅም ይመታል፣ ስለዚህ ትኩሳት የተሰማት ቀን ነገ ሳትል ሆስፒታል መድረስ አለባት። ከዚያ ቤታችሁ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ደጉ ነገረው። ክረምት ሲገባ ወንዙ እንዴት እንደሚሞላም ነገረው። ሐኪሙ እስኪብርቶውን አስቀመጠና፣ እዚያ ሆና ይህን ሕክምና መውሰድ እንደማይሆን፣ መኪና ከሚገባበት ቦታ ቤት እንዲፈልጉላት አሳሰባቸው።

ቤት ፈልጉ ማለት ለአፍ ይቀላል። የጤና መድን ደብተራቸው አልጋውንና ምርመራውን ይሸፍናል፤ ማደሪያ ግን አይሸፍንም። የባሕር ዳርን ኪራይ ጠይቀው ደነገጡ። ዳንግላ ይሻላችኋል አሏቸው፤ ማለዳ ሚኒባስ አለ፣ መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ደጉ ለከሰል የተከለውን ግራር ገና ሳይደርስ በቁሙ ሸጠና፣ መናኸሪያው አጠገብ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ አንዲት ክፍል ያዘላት። ሕይወትን እታለማሁ ወሰደቻት።

ሁለተኛውን መድኃኒት ከወሰደች በኋላ የሸጋ ፀጉር እፍኝ እፍኝ እየሆነ ወረደ። ሻሽ አሰረች። ከዚያ ወዲህ የግቢው ሴቶች ልጆቻቸውን ከደጃፏ ይጠሩ ጀመር፤ የውኃ ጀሪካኗንም ከነሱ ለይተው ያስቀምጡላታል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ፈርተው ነው። ወዲያው አከራዩ መጣና ወንድሙ ከገጠር እንደሚመጣ፣ ክፍሉም እንደሚያስፈልገው በትሕትና ነገራት። ሸጋ ነገሩ ገብቷታል። ደጉ ለእርሻ ተመልሷል፤ የሰኔ መሬት ደግሞ የሰው ችግር አይጠብቅም። ስለዚህ ብቻዋን ቤት ፍለጋ ወጣች።

ያዞራት ሀብቱ የሚባል ባለጋሪ ነበር። ለመጀመሪያው ቤት ሒሳቡን ተቀበላት፤ ከሦስተኛው ቤት በኋላ ግን ገንዘብ ስታወጣ አላየሁም ብሎ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረ። አንዷ ውኃ የለንም አለቻቸው። አንዱ ባልሽ ሲመጣ እንነጋገራለን አለ። አንዷ ደግሞ የሸጋን ሻሽ ትኩር ብላ አየችና ይህ በሽታ ልጆች ላይ ይጋባ እንደሆነ በግልጽ ጠየቀቻት። ሸጋ አይጋባም ስትላት ሴትዮዋ አመስግና በሩን ዘጋች። ዝናብ መጣባቸው። ሀብቱ ጋሪውን አንድ ዋርካ ሥር አቆመና ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ አንድ ባዶ ክፍል እንደሚያውቅ፣ ባለቤቷ ግን ለማንም እንደማይሰጡ ነገራት። የወይዘሮ ይታይሽ ልጅ ክፍል ነው። ልጁ ይኸነው ወርቅ ልቆፍር ብሎ ወደ ቆላ ከወረደ ዓመታት አልፈዋል፤ ደብዳቤም ስልክም የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ተዝካሩን አውጪለትና ይለይልሽ ይላቸዋል። እሳቸው ግን ክፍሉን ይጠርጋሉ።

እማማ ይታይሽ በሩን ገርበብ አድርገው ነው ያነጋገሯቸው። ቀጭን፣ ወገባቸው ቀና ያለ፣ ለመስማት ጆሯቸውን ወደ ሰው አፍ የሚያስጠጉ አሮጊት ናቸው። ሀብቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የመጡበትን ነገራቸው።

«ክፍሉ ባለቤት አለው፤» አሉ።

ሸጋ መቆም ደክሟት በሩን ተደግፋ ነበር። «ሲመጣ እወጣለሁ፤» አለቻቸው።

አሮጊቷ ጆሯቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። ስለ ይኸነው የሚያወራ ሰው ሁሉ «ከመጣ» ነበር የሚለው፤ ደግ የሆነው «እግዜር ካለ» ይጨምርበታል። «ሲመጣ» የሚል ሰው ከሰሙ ስንት ጊዜያቸው ነው። ሸጋ ቃሏን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አሰበችበት። ለሳቸው ብላ መርጣው ይሁን ወይስ አማርኛዋ አጥሮባት፣ ራሷም አታውቀውም።

እማማ ይታይሽ በሩን ከፈቱት። ምን እንደሚያማት ጠየቋት፤ አልደበቀችም። ባልና ልጅ እንዳላት ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ቀጥሎ ያልጠበቀችውን ጠየቁ።

«እንቅልፍሽ እንዴት ነው?»

«ከመድኃኒቱ ወዲህ ብዙም የለኝ።»

«ጆሮሽስ?»

«ጆሮዬ ደኅና ነው።»

«እንግዲያ ኪራይ አልፈልግም። የኔ ጆሮ ከድቶኛል። በር ሲንኳኳ ስሚልኝ።»

እንዲህ ሆኖ ሸጋ በይኸነው ክፍል ገባች። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ግድግዳው ላይ ጃኬቱ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አልጋው ሥር ጥንድ ጫማ አለ፤ እናቱ በበዓል ዋዜማ ቀለም ይቀቡታል። ሸጋ ጫማውን አንድ ቀን እንኳን ከቦታው አላነቃነቀችውም፤ ወለሉን ስትጠርግም ዙሪያውን ነበር የምትጠርገው።

ክረምቱን እንዲህ አሳለፉት። መድኃኒቱን በወሰደች ሰሞን አፏ ይመርራል፣ የእህል ሽታ ያጥወለውላታል። እማማ ይታይሽ የገብስ አጥሚት ቀጠን አድርገው ያመጡላትና እስክትጨርስ ከፊቷ አይነሡም። አንድ ቀን ትኩሳት ተነሣባት። አሮጊቷ ነጠላቸውን እንኳን ሳይደርቡ በዝናብ ወጥተው ሀብቱን ጠሩት፤ ሀብቱ መናኸሪያ አደረሳት፤ ሹፌሩም ሚኒባሱ ሳይሞላ ተነሣ። ባሕር ዳር አልጋ ይዛ ሰነበተች። ስትመለስ እማማ ይታይሽ በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት፤ ቆመው የሚጠብቁት እሷን ይሁን ሌላ ሰው እንጃ፤ ሲያዩዋት ግን ተመስገን አሉ።

ከመድኃኒቱ ይልቅ የከበዳት ሌላ ነገር ነበር። እማማ ይታይሽ ከአማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ ጎረቤቱም እንዲያው። ሸጋ ውላ አድራ በሰው አፍ ስታወራ፣ ማታ ላይ መንጋጋዋ የደከማት ይመስላታል። ቀልድ ያምራትና ወደ አማርኛ ስታመጣው ይቀዘቅዝባታል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሻሿን አጥብቃ ትወጣለች። ሐኪሙ ሰው ከሚበዛበት እንድትርቅ ስላዘዛት ወደ መሀል አትገባም፤ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ይዘው የመጡ የገጠር ሴቶች ከሚቀመጡበት ራቅ ብላ አንድ ሱቅ ጣራ ሥር ትቆማለች። ሴቶቹ ስለ ዋጋ ይጨቃጨቃሉ፣ አማታቸውን ያማሉ፣ በአህያ ይማረራሉ፤ ሁሉም በአዊኛ ነው። ሸጋ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ትሰማለች። ባዶ እጇን ስትመለስ እማማ ይታይሽ ምን ገዛሽ ይሏታል፤ ምንም ትላለች።

«ታዲያ ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ?»

«ቋንቋዬን ልሰማ።»

እማማ ይታይሽ ከዚያ በኋላ አልጠየቋትም።

እሑድ እሑድ ደግሞ ስልክ አለ። እነሱ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው ሸንተረሩ አናት ላይ ነው። ደጉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕይወትን ትከሻው ላይ አድርጎ ይወጣና ይደውላል። መጀመሪያ ሰሞን ልጅቱ ስልኩን ቀምታ ትለፈልፍ ነበር፤ ጥጃው ወተት ደፋ፣ ዶሮዋ ጠፋች፣ እታለማሁ ጉትቻ ሠራችልኝ። ወሩ በገፋ ቁጥር ወሬዋ አጠረ። በኋላ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ሸጋ ለዚያ ትንፋሽ ታወራለታለች፣ የማባበያ ዜማዋን ታዜምለታለች፤ ከዚያ ወዲያ ደጉ ስልኩን ይወስዳል።

በመስከረም ለተራዋ ስትሄድ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ አልቋል ተባለች። ከውጭ ግዢ አሏት። ዋጋውን የነገራት ሰው ሁለተኛ እንዲደግመው አልፈለገችም። እዚያ የምትሠራ አንዲት የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ አስቀምጣ አነጋገረቻት፤ ለሕሙማን መድኃኒት የሚገዛ ማኅበር እንዳለ፣ ስሟን እንደምታስገባላት፣ ግን ጊዜ እንደሚወስድ ነገረቻት። በሽታው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሸጋ መርፌ ሳትወጋ ተመለሰች። የግራሩ ገንዘብ አልቆ ነበር። እሑድ ለደጉ ነገረችው። እሱ እሺ አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ደጉ ሳይታሰብ ዳንግላ መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ የመንደሩ እድር ዳኛ አያ አዝመራው አብረውት ነበሩ። አያ አዝመራው ከአዘና አልፈው የማይወጡ ሽማግሌ ናቸውና ሸጋ ስታያቸው ልጄ ሞተች አለች። እሳቸው ፈጥነው ሁሉም ደኅና ነው አሏትና ተቀመጡ። ደጉ ያመጣውን ገንዘብ ቶሎ ሰጥቶ ነገሩን ሊያልፈው ፈልጎ ነበር። ሽማግሌው ግን ልትሰማው ይገባል ብለው በአዊኛ ተረኩላት።

«ይህ ባልሽ እድሩ መሀል ቆመ። ሸጋ ብትሞት የምታወጡትን አሁን ስጡኝ፤ ስትሞት አልጠራችሁም፣ ብቻዬን እቀብራታለሁ አለን።»

ደጉ መሬት መሬት ያያል። በነሱ ሀገር ሬሳን ብቻዬን እቀብራለሁ ማለት እንኳን ለመናገር ለማሰብም የሚከብድ ነገር ነው። እድርተኛው ያን ዕለት እንደ ጉድ ተንጫጫ። አንዱ ሟርት ነው አለ። ሌላው ለአንድ በሽተኛ ከከፈትን የሀገሩ በሽተኛ ሁሉ ይመጣል አለ። የእድር ገንዘብ የሟች ነው፣ በሕይወት ያለ ሰው አይነካውም ብለው የተሟገቱም ነበሩ። ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ አልተስማሙም። መጨረሻ ላይ አያ አዝመራው ተነሡ።

«ምን አልኩት መሰለሽ፤ ገንዘቡን እንሰጥሃለን፣ ብቻህን ግን አትቀብራትም። ይህን ነውር ከአፍህ መልሰው።»

ገንዘቡ ተሰጠው፤ ስሟም ከእድሩ አልተሠረዘም። ሴቶቹ ደግሞ ለብቻቸው ተነጋግረው ድንችና የገብስ ዱቄት ልከው ነበር። ሸጋ ከረጢቱን አየችው፣ ባሏን አየችው። ማልቀስ አሰኝቷት ነበር፤ የወጣላት ግን ሳቅ ነው።

«እንግዲህ የቁሜን ተዝካር ልበላ ነዋ፤» አለች።

አያ አዝመራው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ደጉ አልሳቀም። እማማ ይታይሽ ቋንቋው ስለማይገባቸው ምን እንዳሳቃቸው ጠየቁ። ሸጋ ተረጎመችላቸው። አሮጊቷ ፈገግ እንኳን አላሉም፤ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡና እስኪመሽ እዚያው አረም ሲነቅሉ ቆዩ። ሸጋ ጎረቤቶቻቸው ስለ ልጃቸው የሚሏቸው ትዝ ያላት ዘግይቶ ነው፤ ምላሷን ነከሰች።

በዚያ ገንዘብ መድኃኒቱ ተገዛ። ለቀጣዮቹ ደግሞ የማኅበሩ ወረፋ ደረሰላትና ሠራተኛዋ ራሷ ደውላ ነገረቻት። ሸጋ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እድናለሁ ብላ ሳይሆን፣ ቤቴ እገባለሁ ብላ አሰበች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ናፍቆቱ ባሰባት። ተስፋ ሳይኖር የሚችሉት ናፍቆት ተስፋ ሲመጣ አይቻልም። የምድጃዋን ዳር፣ ቤታቸው ፊት ያለውን የቀርከሃ አጥር፣ ጠዋት ጉሙ ሲነሣ የሚታየውን የጎረቤት ጭስ ታስባለች። የሕይወትን የአንገት ሽታ ልታስታውስ ትሞክርና እምቢ ይላታል።

በጥቅምት አንድ እሑድ ስልኩ ጠራ። እማማ ይታይሽ አጠገቧ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ደጉ ለልጅቱ እናትሽን አነጋግሪያት ሲላት ይሰማል። ነፋሱም ይሰማል። ከዚያ ልጅቱ፣ ለስልኩ ሳይሆን ለአባቷ፣ ወደ እናቴ ቤት እንሂድ፣ በረደኝ አለችው። ደጉ በድንጋጤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ በሬው ማውራት ጀመረ። እናቴ ያለችው እታለማሁን ነው።

እማማ ይታይሽ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው የልጅ ድምፅ እንደሆነ ለይተዋል። እንዝርታቸውን አቁመው «ምን አለች ልጅቱ?» አሉ።

«እናቴ መቼ ትመጣለች አለች።»

«እሰይ! አልረሳችሽም።»

«አልረሳችኝም፤» አለች ሸጋ።

ያን ሳምንት ወደ ገበያ አልሄደችም።

የመጨረሻውን መድኃኒት በኅዳር ወሰደች። ሐኪሙ በየሦስት ወሩ እየመጣች እንድትታይ አዘዘና አሰናበታት። ደጉ ሊወስዳት ሲመጣ ሸጋ በስልክ አደራ ያለችውን ይዞ ነበር፤ የላማቸውን ትልቁን የናስ ቃጭል። ሀብቱና እሱ ተጋግዘው እማማ ይታይሽ በር ላይ ሰቀሉት። በሩን የነካ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው። አሮጊቷ ጓዳ ገብተው አስሞከሩት፤ በሩን አስከፈቱ፣ አስዘጉ፣ እንደገና አስከፈቱ፤ ይሰማኛል አሉ። ለክፍሉ ሌላ ተከራይ አልፈለጉም። ለምርመራ ስታልፊ እዚሁ ነው የምታድሪ ብለው ሸጋን ግንባሯን ሳሟት። የይኸነው ጫማ እንደ ነበረ ነው።

ቤቷ ስትደርስ መንደሩ ሁሉ እልል አለ። ሕይወት ግን የእታለማሁን ቀሚስ ጨብጣ ከኋላዋ ተደበቀች። እታለማሁ በእፍረት ልትሞት ደረሰች፤ ልጅቱን ወደ ፊት ገፋ እያደረገች እናትሽ ናት፣ ሂጂ ሳሚያት ትላለች። ልጅቱ እሪ አለች። ሸጋ አታስገድጃት አለቻት። እታለማሁ ያን ዕለት ማታ ልጅቱን አዝላ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ወሰደቻት፤ ልጅቱን መልሶ መስጠት ለእሷም ቢሆን ከብዷት ነበር።

ሸጋ አልቸኮለችም። ጉልበቷ ሲመለስ ከደጃፏ ድንች መቆፈር ጀመረች። ሕይወት ከእታለማሁ ልጆች ጋር እየመጣች ከሩቅ ታያታለች። አንድ ቀን ብቻዋን መጣችና መደቡ ዳር ቁጢጥ አለች። ሸጋ ቀና ሳትል፣ እየቆፈረች፣ የድሮ ማባበያዋን ማዜም ጀመረች። ልጅቱ ብዙ አዳመጠች።

«አንቺ ስልኳ ነሽ?» አለቻት።

«አዎ፣ ስልኳ ነኝ።»

ሕይወት ተጠጋች። ሻሹን ገለጥ አድርጋ አዲስ የበቀለውን አጭር ፀጉር በመዳፏ ደባበሰችው፤ የበግ ግልገል ይመስላል ብላም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ከሸጋ ጋር ትውላለች፤ ማታ ግን ከእታለማሁ ጋር ነው የምትተኛው። እታለማሁን እናቴ፣ ሸጋን ሸጋ ትላለች። ደጉ ሊቆጣት ሲል ሸጋ ትከለክለዋለች። ሌላው አሳድጎ ያገኘውን ስም ሰው በግድ አይወስድም ትለዋለች፤ ለብቻዋ ስትሆን ግን ያን ስም ከልጅቱ አፍ ለመስማት ያላት ጉጉት ከበሽታው በላይ ያቃጥላታል።

በየካቲት የምርመራው ቀን ደረሰ። ደጉ ፈረሱን ጫነ፤ ስንቋን ይዘው ማለዳ ወጡ። ሕይወት እታለማሁ ደጅ ቆማ እጇን እንኳን ሳታነሣ ስትሸኛቸው አዩ። ቁልቁለቱን ጨርሰው ወንዙ ዳር ሲደርሱ ከኋላቸው ጩኸት ሰሙ። ልጅቱ በባዶ እግሯ ትሮጣለች፤ እታለማሁ ልትይዛት ትከተላታለች። ሕይወት ደረሰችና የሸጋን እግር ከነርካቡ አቀፈችው። ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ታለቅሳለች፤ ሊያነሧት ሲሉ ትፈራገጣለች።

ደጉ ሊሸከማት፣ ሊያባብላት ጎንበስ አለ።

«ተዋት፤» አለችው ሸጋ። «ትንሽ ታልቅስልኝ።»

በመጨረሻ እታለማሁ አዘለቻት። ወንዙን ተሻግረው የማዶውን ዳገት ሲያያዙት ለቅሶው አሁንም ይሰማ ነበር። ሸጋ ዳገቱ መሀል ላይ ልጓሙን ሳብ አድርጋ ፈረሱን አቆመች። ደጉ ሚኒባሱ ያመልጠናል አላት። እሺ አለችው፤ ፈረሱን ግን አላንቀሳቀሰችውም።